ለማዳን በጎ ፈቃድ ብቻ ይበቃልን?

ባልንጀራው ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሲጮኽ የሰማ ሰው ምን ማድረግ ይገባዋል? ሮጦ መድረስ እንደሚገባው ኅሊና ያለው ሁሉ ይመልሳል። ጌታችንም በሰንበት ቀን በሬው ጉድጓድ ቢገባበት ሳያወጣው የሚቀር እንደሌለ በመጥቀስ፣ የማዳን ግዴታ ምን ያህል ጽኑ እንደ ሆነ አስተምሮናል። ይሁን እንጂ ሮጦ የደረሰው ሰው ገመድ ማሰር ካላወቀ፣ መድረሱ ለወደቀው ምን ይጠቅመዋል? ለማዳን መፈለግና ማዳን መቻል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ከሆኑ፣ መቻልን ለመማር አለመትጋት ራሱ የኅሊና ጥያቄ አይሆንምን? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው።

ለጥያቄው መልካም ምሳሌ የሚሆነን፣ በበረዶ ግግር ላይ የሚጓዙ ተራራ ወጪዎች ከመሪያቸው የሚቀበሉት ትምህርት ነው። ዛሬ በአገራችን የበረዶ ግግር የለም፤ በጥንት ዘመን ግን የስሜንና የባሌ ተራሮች ግግር ተሸክመው እንደ ነበር የምድር ጥናት ሊቃውንት ከዱካው አረጋግጠዋል። በአፍሪካ የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በሩዌንዞሪ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም እየሳሳ በመሄድ ላይ ነው። የበረዶ ግግር እንደ ዐለት ጸንቶ አይቆምም፤ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ወደ ታች ይፈስሳል፤ በጉዞውም ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በአሥር በሚቆጠር ሜትር ሊጠልቅ ይችላል። አዲስ የወረደ በረዶ አፉን ሲሸፍነው ሜዳ ይመስላል፤ መንገደኛውም የረገጠው ጽኑ መሬት ይሁን ክዳን በዓይኑ መለየት ያቅተዋል።

ስለዚህ መሪው ለጀማሪዎች አስቀድሞ መተሳሰርን ያስተምራቸዋል። ሦስት ወይም አራት ሰዎች በመካከላቸው ሰፊ ርቀት ትተው በአንድ ገመድ ይታሰራሉ። አንዱ ሲወድቅ የቀሩት ወዲያው በበረዶው ላይ ተደፍተው፣ የበረዶ መጥረቢያቸውን ተክለው ውድቀቱን ይገታሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ትምህርት ግን ለስሜት የሚከብድ ነው፤ ወዲያው አይጎትቱም፣ ወደ ስንጥቁ አፍም አይሮጡም። አንዱ ክብደቱን እንደ ያዘ ይቆያል፤ ሌላው በበረዶው ውስጥ ካስማ ቀብሮ ገመዱን ከእርሱ ጋር ያያይዛል። የካስማው መጽናት ሲረጋገጥ፣ ራሱን አስሮ ወደ አፋፉ ይጠጋል፤ ገመዱ ጠርዙን እየቆረጠ እንዳይሰምጥም ከሥሩ ቦርሳ ወይም መጥረቢያ ያጋድማል። በመጨረሻ ገመዱን በበከራ አጥፎ ይስባል፤ በተለመደው አሠራር የሳቢው ኃይል ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ሰበቃ ከዚህ ጥቂቱን ቢቀንስም፣ በባዶ እጅ የማይነሣው ክብደት ይነሣል። የወደቀውም ሰው ዝም ብሎ አይጠብቅም። ኦስትሪያዊው ካርል ፕሩሲክ እ.ኤ.አ. በ1931 ባስተዋወቀው ቋጠሮ፣ ቀጭን ገመድ በወፍራሙ ላይ ጠምጥሞ በራሱ ጉልበት መውጣትን ይማራል፤ ቋጠሮው ሲጫኑት ይነክሳል፣ ሲያላሉት ይንሸራተታል። ይህ ሁሉ አደጋ ሳይደርስ፣ በመሪው ፊት፣ ተደጋግሞ ይለመዳል።

የተራራውን መንገድ ከቤተ ክርስቲያን አባቶችም መካከል የሚያውቁት ነበሩ። በኋላ ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ የተባሉት ካህን አኪለ ራቲ እ.ኤ.አ. በ1889 ሞንቴ ሮዛን ወጥተዋል። በ1923ም ቅዱስ በርናርዶስ ዘሜንቶንን የተራራ ወጪዎች ጠባቂ አድርገው ሲሰይሙ፣ ተራራ መውጣት ለነፍስም ለሥጋም የሚበጀው ከችኩል ድፍረት ለሚርቅ ሰው መሆኑን አመልክተዋል።

ነገር ግን አንድ ተቃውሞ ይነሣል። እንዲህ መለካትና መመጠን የፍቅር ጠባይ ነውን? በኮልፌ ቀራንዮ ለምንኖር ሰዎች ይህን ጥያቄ የሰፈራችን ስም ራሱ ያነሣብናል፤ ቀራንዮ ራስን ሳይሰስቱ የመስጠት ስም ነውና። መልሳችን ሕይወትን መስጠትና ሕይወትን ማባከን አንድ አይደሉም የሚል ነው። በቀራንዮ የተሰጠው ሕይወት በዕውቀትና በፈቃድ ተሰጠ፤ ብዙዎችንም አዳነ። ካስማ ሳይተክል ወደ ስንጥቁ የሮጠ ሰው ግን አንዱን ሳያወጣ የወደቁትን ሁለት ያደርጋል፤ በገመዱ የታሰረውን ሦስተኛውንም ይዞ ሊወርድ ይችላል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ አስተዋይነት ሌሎቹን ምግባራት እንደሚመራ ማስተማሩ ስለዚህ ነው፤ ብርታት ያለ እርሷ መንገድ ይስታል።

ገመድና ጉድጓድ ለታሪካችንም እንግዳ አይደሉም። ነቢዩ ኤርምያስ ጭቃ ባለበት ጉድጓድ ተጥሎ ሳለ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነበር (ኤር. 38)። የሥራውን ቅደም ተከተል እናስተውል። አስቀድሞ ወደ ንጉሡ ሄዶ ፈቃድ አገኘ፤ የሚስቡ ሰዎችንም ይዞ መጣ። ከንጉሡ ቤት አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ወስዶ በገመድ ካወረደ በኋላ፣ ነቢዩ ጨርቁን በብብቱ፣ ከገመዱ በታች እንዲያደርገው ነገረው። የተራራው መሪ ከገመዱ ሥር የሚያጋድመው ቦርሳና የአቤሜሌክ ጨርቅ አንድ ዓይነት ጥንቃቄ ናቸው። አቤሜሌክ ስለ ነቢዩ አዘነ፤ ኀዘኑም እስከ ብብቱ ቆዳ ድረስ አሰበለት።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። በየግቢው የሚቆፈሩት የውሃና የመጸዳጃ ጉድጓዶች የእኛ የተሸፈኑ ስንጥቆች ናቸው። በውስጣቸው ገዳይ አየር ሊጠራቀም ይችላል፤ ይህም ሁልጊዜ በሽታ አይታወቅም። አንዱ ራሱን ስቶ ሲወድቅ ወንድሙ ሊያወጣው ይወርዳል፤ ያው አየር እርሱንም ይጥለዋል፤ ሦስተኛውም ይከተላል። እነዚህ ሰዎች ፍቅር አልጎደላቸውም። የጎደላቸው አስቀድሞ የተተከለ ካስማ ነው፤ ይኸውም ሠራተኛው ከመውረዱ በፊት በገመድ መታሰሩ፣ ከላይ የሚይዘው ሰው መኖሩ፣ ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ተከትሎ አለመውረድ፣ የእሳትና አደጋ ሠራተኞችንም ሳይዘገዩ መጥራት ነው።

ዕድሮቻችን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት አሏቸው። ሙታንን በክብር መቅበር ከምሕረት ሥራዎች አንዱ ነውና ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ከድንኳኑ ጎን አንድ ጠንካራ ገመድ፣ ከገመዱም ጋር አጠቃቀሙን ከባለሙያ የተማሩ ጥቂት ወጣቶች ቢኖሩ፣ ድንኳኑ ሳይተከል የሚውልባቸው ቀናት አይበዙምን?

እንግዲህ በጎ ፈቃድ የማዳን መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። ባልንጀራን የመውደድ ትእዛዝ እርሱን የማዳን ሙያ መማርንም ይጨምራል፤ የመማሪያውም ጊዜ ማንም ያልወደቀበት ጸጥተኛ ቀን ነው።