«ተማሪ ሀ» ማን ነው?

በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ የመምህራን ትምህርት ሲከለስ ፕራክቲከም የሚባለው ነገር ገነን ብሎ መጣ። እጩ መምህሩ ትምህርት ቤት ይወርድና ያያል፣ ያስተምራል፣ ሪፖርት ይጽፋል። ከሚታዘዙት አሳይመንቶች አንዱ ኬዝ ስተዲ ነው፤ አንድ ልጅ መርጦ፣ ችግሩን አጥንቶ መጻፍ። ሐሳቡ መልካም ነው። የፒያዤን ደረጃዎች የሸመደደ ሁሉ ሦስተኛው ወንበር ላይ ያለው ልጅ ለምን እንደሚያንቀላፋ አያውቅማ!

አንዲት የሰፈራችን እጩ መምህርት ታርሞ የተመለሰላትን ወረቀት አሳየችኝ። «ተማሪ ሀ» ይላል። ተማሪ ሀ ያረፍዳል፤ አባቱ ጥሏቸው ሄዷል፤ እናቱ ጠላ ትሸጣለች፤ ጠጪው እስኪወጣ እንቅልፍ የለም። አንጀት ይበላል። ከ20 አሥራ ስምንት አግኝታበታለች። «ልጁስ?» አልኳት። ዝም አለች። እሷ ምን ታድርግ? የታዘዘችው መጻፍ ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ይኼ ነው፤ የሰው ገመና ለማርክ ሲባል ይገለጣል ወይ? ስሙ አልተጻፈም ትሉኝ ይሆናል። እናንተዬ፣ በአንድ ሰፈር ጠላ የምትሸጥ፣ ባሏ የሄደ፣ ሦስተኛ ክፍል ልጅ ያላት ሴት ስንት ናት?

ዘዴው እኮ ከሌላ ቤት የመጣ ነው። ክሪስቶፈር ላንግዴል በ1870 እ.ኤ.አ. የሐርቫርድ ሕግ ትምህርት ቤት ዲን ሆኖ በጉዳዮች ማስተማር ሲጀምር የተጠቀመው የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ነው፤ ቀድሞ አደባባይ የወጡ። የዚያው ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት ደግሞ ኩባንያ ውስጥ ገብቶ ሲጽፍ ፈቃድ ይጠይቃል። ሐኪምም ስለ በሽተኛው የሚጽፈው እያከመው ነው። የኛ ተማሪ ሀ ግን አልተጠየቀም፣ አልታከመምም።

እናቱን ማስፈቀድ ይበቃል? አይመስለኝም። መምህር ቤቷ ድረስ መጥቶ «እንጻፍ?» ቢላት «እናንተ ካላችሁ» ከማለት ሌላ ምን ትላለች? እሱ ይሉኝታ እንጂ ፈቃድ አይደለም።

ፎቶኮፒ ቤት በየዓመቱ የሚገለበጥ የፈጠራ ኬዝም አለ። አንድ ወዳጄ «ቢያንስ ማንንም አይጎዳም» ይላል። እውነትም ገመና አያወጣም። ግን እሱን ገልብጣ የተመረቀችው መምህርት በመስከረም እውነተኛው ተማሪ ሀ ሲያረፍድ በር ላይ ታንበረክከዋለች። ስለዚህ ይቅር አልልም።

የሃያው ማርክ አከፋፈል ይታይ ነው የምለው። ባየሁት ወረቀት ላይ ለመግቢያ 3፣ ለዋቢ ጽሑፍ 2 ተይዟል (ዋቢ ለጠላ ቤት!)፤ ለልጁ ለተደረገለት ነገር ግን ምንም። እጩዋ እኮ ወደ ከሰዓት ፈረቃ እንዲዛወር ርዕሰ መምህሩን ማናገር ትችል ነበር፤ ከሰዓት የሚማር ልጅ ጠዋት ይተኛል። ጽሑፉ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ምን ተለወጠ? ባይሳካም ይጻፍ።

ይህን ለአንድ አሠልጣኝ ባነሳበት «60 ወረቀት እያረምኩ ስለ ፈረቃ ላጣራ?» አለኝ። እውነቱን ነው። እንግዲያው እጩዎቹ ስድስት ስድስት ሆነው 10 ልጅ ያጥኑ። ለ10 ልጅ ትምህርት ቤቱ ድረስ ስልክ መደወል አያቅትም።