ያለ ዋጋ የተገኘ ማደሪያ ዕዳ የለበትምን?

ሰው በገንዘቡ የገዛውን ነገር በጥንቃቄ ይይዛል፤ ያለ ዋጋ ያገኘውን ግን ብዙ ጊዜ ሲያቃልለው ይታያል። እንግዲህ ዋጋ ያልተከፈለበት ነገር ዕዳ የለበትምን? ብለን እንጠይቅ።

ይህን ለመመርመር ወደ ሰሜን አውሮፓ፥ ወደ ፊንላንድ አገር እንመልከት። በዚያ አገር ትንንሾቹ ሳይቀሩ ሲቈጠሩ 188,000 ያህል ሐይቆች አሉ፤ ምድሩም በአብዛኛው ደን ነው። ከጥንት በመጣው ልማድና በሕጉ መሠረት ማንኛውም ሰው፥ ተወላጅም ሆነ እንግዳ፥ ከሰው መኖሪያ ራቅ ብሎ በሐይቅ ዳር ድንኳን ተክሎ ያለ ኪራይና ያለ ፈቃድ ለጊዜው ሊያድር ይችላል። ነገር ግን ሕያው ዛፍ እንዲቈርጥ፥ በሌላ ሰው መሬትም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እሳት እንዲያነድ አይፈቀድለትም። ስለዚህ በነጻ መጠቀም እንደ ልብ ለማጥፋት ሥልጣን አይሰጥም።

ከዚህም ሌላ በሰሜኑ ክፍል በሩቅ ደኖች ውስጥ ጠባቂ የሌላቸው፥ በራቸውም የማይቈለፍ የእንጨት ጎጆዎች አሉ፤ መንገደኛ ያለ ክፍያ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ያድርባቸዋል። በቈየው ልማድ ጎጆው ሲሞላ ቅድሚያ የሚሰጠው ኋላ ለመጣው ነው፤ ቀድሞ የገባው ቦታውን ይለቅለታል።

«ቀድሞ የመጣው ስለ ምን ይወጣል? ይህስ ፍርደ ገምድልነት አይደለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ቀድሞ የገባው እሳት ሞቋል፥ ልብሱን አድርቋል፥ እህልም ቀምሷል። ኋላ የመጣው ደክሞ፥ በርዶት፥ መሽቶበት ደርሷል። እንግዲህ ልማዱ የሚመዝነው የሰውን ችግር ነው፤ ቀድሞ መድረስም ባለቤት አያደርግም።

ደግሞም ከጎጆው የሚወጣ መንገደኛ ቤቱን ጠርጎ፥ ማገዶ ፈልጦ ለሚመጣው ሰው ትቶ ይሄዳል። እርሱ የሞቀውን እንጨት የፈለጠለት ሰው ቀድሞት ሄዷልና ውለታውን ሊመልስለት አይችልም፤ ስለዚህ ገና ላላየው ይከፍላል። ባይፈልጥ የሚከሰው የለም፤ ቢፈልጥም የሚያመሰግነው የለም። የኅሊና ሚዛን የሚታወቀውም በዚህ ጊዜ ነው።

ስለዚህ መልሳችን፥ አዎን፥ ዕዳ አለበት የሚል ነው፤ ዕዳውም የሚከፈለው ኋላ ለሚመጣው ነው። እኛም ምድሩን፥ ውኃውንና ጥላውን ከቀደሙን ያለ ዋጋ የተቀበልን የአንድ ሌሊት እንግዶች ነንና፥ ከመውጣታችን በፊት ማገዶውን ፈልጠን ልንተው ይገባናል።