ነጻ ነገር ዋጋውን ማን ይከፍላል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህች አጭር ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ። ይኸውም «ገንዘብ ያልተከፈለበት ነገር ሁሉ ነጻ ነውን?» የሚል ነው። ጥያቄው የፍልስፍና ትምህርት ይመስላል። እኔን ያጋጠመኝ ግን በክፍል ውስጥ ሳይሆን፣ እዚሁ ሰፈራችን ኢምፔሪያል የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስልኬን ስነካካ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲስኒ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር ወር 2006 ዓ.ም. «ፍሮዝን» የተሰኘውን የካርቱን ፊልም ሲያወጣ፣ በዚያው ሰሞን በፊልሙ ላይ የተመሠረተ «ፍሮዝን ፍሪ ፎል» የሚባል የስልክ ጨዋታም አቀረበ። አጨዋወቱ ቀላል ነው። ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው የበረዶ ጌጦች ተደርድረዋል፤ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለቱን በማቀያየር ሦስት ተመሳሳይ ጌጦች በአንድ መስመር ሲገጥሙ ይጠፋሉ፤ በቦታቸውም ከላይ ሌሎች ይወርዳሉ። ጨዋታውን ለመጫን ገንዘብ አይጠየቅም። ይሁን እንጂ ተጫዋቹ የሚሰጠው አምስት «ሕይወት» ብቻ ነው። በተሸነፈ ቁጥር አንዱን ያጣል። አምስቱም ካለቁ አንዱ እስኪመለስለት ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቃል፤ አልጠብቅም ካለ ደግሞ በገንዘብ ይገዛል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ጨዋታው በነጻ ይሰጣል፤ የሚሸጠው ከመጠበቅ መገላገል ነው። ጥማቱን ፈጥሮ ውኃውን ይሸጥልናል ማለት ነው። በሀገራችን አብዛኛው ወጣት በውጭ ምንዛሪ የሚከፍልበት ካርድ ስለሌለው «እኔ እንደሆነ አንዲት ሳንቲም አላወጣሁም» እያለ ይጽናናል። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ነገር ግን ዔሳውስ ለዚያ ለምስር ወጥ ገንዘብ ከፍሏልን? ሳንቲም አላወጣም፤ የሰጠው ብኩርናውን ነው።

ባለፈው ዐቢይ ጾም መጨረሻ ታናሽ እኅቴ በትንሣኤ በዓል ከሕፃናት ክፍል ጋር የምትዘምረውን መዝሙር ልታሰማኝ ማታ ማታ አጠገቤ ትመጣ ነበር። «ወንድም ጋሼ፣ ሁለተኛው አንቀጽ ይጠፋብኛል፤ እስቲ ስማኝ» ትለኛለች። «ቆይ፣ ይህችን ልጨርስ» እላታለሁ። ያቺ ግን አታልቅም፤ ባለቀች ጊዜም ሌላዋ ትከፈታለች። ጨዋታው ግማሽ ሰዓት ጠብቅ ሲለኝ በትሕትና እጠብቅ የነበርሁት ሰው፣ ሦስት ደቂቃ ለማይሞላ መዝሙር እኅቴን አስጠብቃት ነበር። በአምስተኛው ቀን መምጣቷን ተወች።

በበዓሉ ዕለት ከምእመናን ፊት ቆማ የመጀመሪያውን አንቀጽ ዘመረች። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ዐይኗ እኔን አልፈለገም፤ መሬት መሬቱን አየች። ጥፋቱ የእኔው እንጂ የስልኩም የጨዋታውም አይደለም። ሒሳቡን ግን ያን ዕለት ተረዳሁት፤ ስጫወት የሰነበትሁት እኔ፣ ከፋይዋ እኅቴ ነበረች።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «ታዲያ ጨዋታ ኃጢአት ነው ልትል ነው?» አለኝ። አይደለም። አያቶቻችን ገበጣ ተጫውተዋል፤ በልደት ሰሞንም ሜዳ ወጥተው ገና መትተዋል። ሆኖም ገበጣ ጠጠሩ ያልቃል፤ ሜዳውም ይመሻል። ከዚህም በላይ ከፊት ለፊታችን የሚስቅ፣ የሚናደድ፣ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው አለ። ይህኛው ግን መጨረሻ እንዳይኖረው ሆኖ የተሠራ ነው። ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በርግቦች ላይ ባደረገው ምርምር እንዳሳየው፣ እህሉ መቼ እንደሚመጣ ሳታውቅ አንዳንዴ ብቻ የሚሰጣት ርግብ ማብሪያዋን በመንቁሯ መምታት በቀላሉ አትተውም። እኛም ከርግቢቱ የምንሻለው ቆም ብለን «ለምን?» ብለን ስንጠይቅ ብቻ ነው።

የሚያስደንቀው ደግሞ የፊልሙ ታሪክ ራሱ ነው። ኤልሳ የተባለችው ታላቅ እኅት በሯን ዘግታ ለዓመታት ስትቀመጥ፣ ታናሿ አና ከውጭ ታንኳኳለች። በመጨረሻም አና የራሷን መዳን ትታ፣ በእኅቷ ላይ በተሰነዘረው ሰይፍ ፊት ትቆማለች፤ በረዶውም የሚቀልጠው በዚህ ፍቅር ነው። ጨዋታው ከፊልሙ በረዶውንና መልኩን ወሰደ፤ ሕይወትን ለሌላው መስጠትን ግን ትቶ፣ ሕይወትን በቁጥር የሚሸጥ ዕቃ አደረገው። እኔም ያን እየተጫወትሁ በሬን በታናሽ እኅቴ ላይ ዘጋሁ።

ስለዚህ ለጥያቄዬ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። ዋጋ የሌለው ነገር የለም፤ ልዩነቱ ከፋዩ ማን ነው የሚለው ነው። በእውነተኛ ስጦታ የሚከፍለው ሰጪው ነው፤ ለእኛ የተሰጠንም ጸጋ ነጻ የሆነው ጌታችን በመስቀል ላይ ስለከፈለበት ነው። በማባበያ ግን የሚከፍለው ተቀባዩ ነው፤ እርሱም ባይሆን ከተቀባዩ አጠገብ ያለው ደካማ ነው።

ከበዓሉ በኋላ እኅቴን «እስቲ መዝሙሩን አሰሚኝ» አልኋት። ከደብተሯ ቀና ሳትል «ቆይ» አለችኝ። እየጠበቅሁ ነው። ይህ መጠበቅ ግን በገንዘብ የሚያሳጥሩት አይደለም።

እናንተስ፣ ዛሬ ከአጠገባችሁ ቆሞ የሚጠብቃችሁ ማን ነው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።