ጥላን ስለ ማጥፋት

ሰው በዓይኑ ያየውን ነገር ለሌላ ሰው በታማኝነት ማሳየት ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀላል አይደለም። በቃል የሚዋሽ ሰው ዛሬ የተናገረው ከትናንቱ ይጣላበትና ይያዛል፤ በሥዕል የሚናገር ሰው ግን እያንዳንዱን ነገር በትክክል አሳይቶ ጠቅላላውን ሐሰት ሊያደርገው ይችላል። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ በአይከል፣ በእናቴ ቤት ውስጥ፣ ፎቶግራፍ ማንሣት በጀመርሁበት ዓመት ነው። ስሕተቱ የራሴ ስለ ሆነ፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ሳልሸሽግ እነግርሃለሁ፤ ምናልባት በእኔ ኪሣራ አንተ ትማርበት ይሆናል።

አይከል ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋ ላይ የተቀመጠች የጭልጋ ከተማ ናት። ከእርሷ አልፎ ወደ ምዕራብ የሄደ መንገደኛ ወደ ቆላው ይወርዳል። በበጋ የቀትር ፀሐይ በቆርቆሮው ጣራ ላይ ሲያርፍ ዓይን ያጭበረብራል። የእናቴ ቤት እንደ ብዙዎቹ ጎረቤቶቿ ቤት ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ነው። ከውጭ የመጣ እንግዳ በሩ ላይ ቆሞ ጥቂት ካልታገሠ መደቡንም፣ መሶቡንም፣ በምድጃው አጠገብ የተቀመጠችውንም ሴት አያይም። ከታገሠ ግን ዓይኑ ጨለማውን ቀስ በቀስ ይለምደዋል፤ ሁሉም በየተራው ይገለጥለታል።

ካሜራ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። የብርሃን መጠን በሉክስ ይለካል፤ በቀትር ከቤት ውጭ ያለው ብርሃን እስከ 100,000 ሉክስ ሲደርስ፣ መስኮት በሌለው ቤት ጓዳ ያለው 10 ሉክስ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ውጭው ከውስጡ አሥር ሺህ ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው። በአንጸባራቂ ወረቀት ላይ የታተመ ፎቶግራፍ ግን ከነጩ እስከ ጥቁሩ ያለው ልዩነት መቶ እጥፍ ያህል ቢሆን ነው። እንግዲህ አሥር ሺሁን በመቶ ውስጥ ማግባት የጋኑን ጠላ በአንድ ዋንጫ ለማስቀመጥ እንደ መሞከር ነው፤ የሚፈስ አይጠፋም። አንሺው ለቤቱ ውስጥ ብሎ ብዙ ብርሃን ቢያስገባ በሩ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል፤ ለውጭው ብሎ ቢቀንስ ሴትዮዋ ከጥቀርሻው ጋር አንድ ትሆናለች።

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ኤችዲአር ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ሰፊ የብርሃን ልዩነት የሚይዝ ፎቶግራፍ ልንለው እንችላለን። ሐሳቡ አጭር ነው፤ አንዱን ቦታ ሦስት ጊዜ ታነሣለህ፤ አንዱን ለብሩሁ፣ አንዱን ለመካከለኛው፣ አንዱን ለጨለማው፤ ከዚያም ከእያንዳንዱ ደኅና አድርጎ የታየውን ወስደህ አንድ ሥዕል ታደርገዋለህ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ ባሕርንና ሰማይን በአንድ ጊዜ አጥርቶ መያዝ ስላልተቻለ፣ ባሕሩን በአንድ መስተዋት፣ ሰማዩን በሌላ መስተዋት አንሥቶ በአንድ ወረቀት ላይ ያትማቸው ነበር። በ1997 እ.ኤ.አ. ፖል ዴበቬክና ጂተንድራ ማሊክ በልዩ ልዩ የብርሃን መጠን ከተነሡ ፎቶግራፎች የቦታውን የብርሃን ልክ በኮምፒዩተር አስልቶ የማውጣት ዘዴ አሳተሙ። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ አይፎን ይህን ሥራ በኪስ ስልክ ውስጥ አስገባው፤ ዛሬ ብዙ ስልኮች ባለቤታቸው ሳያዛቸው ይሠሩታል። ስለዚህ የምነግርህ ነገር የፎቶግራፍ አንሺዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ስልክ የያዘ ሁሉ ጉዳይ ነው።

እኔ ግን ሥራውን በእጄ መማር ፈለግሁ። ጎንደር ሄጄ ያገለገለ ካሜራ ገዛሁ፤ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን አንድ አናጢ ጎረቤቴ ከባሕር ዛፍ ሠራልኝ። የጀማሪው ሕግ ጥቂት ነው። ካሜራው ከቆመበት ንቅንቅ አይበል። የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት በሦስቱም አይለወጥ፤ እርሱ ከተለወጠ ጠርቶ የሚታየው የርቀት ልክም ይለወጣልና ሥዕሎቹ አይጋጠሙም። የሚለወጠው ብርሃን የሚገባበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ የመጀመሪያው የሰኮንድ 60ኛ፣ ሁለተኛው 15ኛ፣ ሦስተኛው 4ኛ እጅ ቢሆን፣ እያንዳንዱ ከፊተኛው አራት እጥፍ ብርሃን ይቀበላል። ሦስት ካልበቃ አምስትም ሰባትም ይነሣል። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ያዋሕዳቸዋል። ነገር ግን የተዋሐደው ሥዕል የያዘው ብርሃን ከወረቀት አቅም በላይ ስለ ሆነ፣ ብሩሁን ዝቅ፣ ጨለማውን ከፍ አድርጎ ማመጣጠን ይቀራል። ይህ የመጨረሻው ሥራ የመኪና ሥራ ይመስላል እንጂ የሰው ፍርድ ነው። ምን ያህል ዝቅ? ምን ያህል ከፍ? ይህን የሚወስነው አንሺው ነው።

ጀማሪ ሁሉ የሚሠራውን ስሕተት እኔም ሠራሁ። ጥላውን ሁሉ ሳወጣ፣ ዛፉ ከሰማዩ ጋር በሚገናኝበት ጫፍ እንደ ቅዱሳን አክሊል ያለ ነጭ ዙሪያ ወጣበት፤ ሣሩ መርዝ የመሰለ አረንጓዴ ሆነ፤ በሦስቱ መካከል የተንቀሳቀሰች ዶሮ ባለ ሦስት ራስ ሆና ታየች። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። እንዲህ ያለው ስሕተት ግን ራሱን በራሱ ስለሚያጋልጥ ጉዳቱ ጥቂት ነው። የሚያስፈራው ስሕተት የሚመጣው እጅ ሲሠለጥን ነው።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ፣ አዲስ አበባ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ደውሎ እንዲህ አለኝ፦ «የእማዬ ጣራ ያፈሳል ትላለህ። ዘንድሮ የልጆቹ ወጪ በዝቶብኛል፤ የሚያጣድፍ ከሆነ ግን ተበድሬም ቢሆን ከክረምት በፊት ቆርቆሮ እገዛለሁ። የሚቆይ ከሆነ ለመስከረም ይደር። እስቲ ቤቱን አንሥተህ ላክልኝ፤ አይቼ ልወስን።»

«እሺ፣ ወንድምዓለም» አልሁት።

በማግስቱ በቀትር እናቴን በምድጃው አጠገብ አስቀምጬ «እማዬ፣ ሦስት ጊዜ ቀጭ እስኪል አትንቀሳቀሺ» አልኋት። «ለአንድ ፎቶ ሦስት ጊዜ? አንዱ አይበቃህም?» አለች፤ ስትናገርም ራሷን ስለ ነቀነቀች እንደ ገና ጀመርሁ። ማታ በኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጬ እስከ እኩለ ሌሊት ሠራሁ። ያን ያህል ያማረ ሥዕል ከዚያ በፊት አልሠራሁም ነበር። በበሩ በኩል የውጭው ባሕር ዛፍ ቅጠሉ አንድ በአንድ ይታያል፤ በውስጥም የመሶቡ ስፌት፣ የመደቡ ምርግ፣ የእናቴ ነጠላ ጥለት ሳይቀር ጎልቶ ይታያል። አክሊል የለም፤ ሁለት ራስ የለም። ጠዋት ለእናቴ ባሳያት ቀረብ አድርጋ ተመለከተችና «ያምራል። የማን ቤት ነው?» አለችኝ።

እኔም ሳቅሁ፤ እንደ ምስጋና ቈጠርሁት። ሥዕሉን ለወንድሜ ላክሁለት። እርሱም «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደ ፈራሁት አይደለም። ለመስከረም ይደር» ብሎ መለሰልኝ። በዚያች ጊዜ «የለም፣ ሥዕሉ አያሳይህም እንጂ ጣራው ክፉኛ ተበስቷል» ማለት ይገባኝ ነበር። ነገር ግን በሥራዬ ኮርቼ ነበርና ሥዕሌ አንድ ነገር ጎድሎታል ብሎ መናገር ከበደኝ። ዝም አልሁ።

ክረምቱ ገባ። በሐምሌ አንድ ሌሊት ዝናቡ በጣራው ቀዳዳ እየወረደ በእህሉ ጎታ ላይ አረፈ። ጎታው ከጭቃ የተሠራ ስለ ነበረ ርሶ ተናደ፤ ለቀለብ የተቀመጠው ማሽላ ከጭቃው ጋር ተደባለቀ። እናቴ አልተቈጣችም። ሲነጋ መሬት ላይ ተቀምጣ ማሽላውን እፍኝ በእፍኝ ከጭቃው ስትለቅም አገኘኋት፤ በሁለተኛውም ቀን አልጨረሰችም ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ሦስቱን የመጀመሪያ ፎቶግራፎች እንደ ገና ከፈትኋቸው። ብርሃን በተቀነሰበት በመጀመሪያው ቤቱ ሁሉ ጥቁር ነው፤ በጥቁሩ ጣራ ላይ ግን ዐሥራ አንድ ቀዳዳዎች እንደ ከዋክብት ያበራሉ። ባዋሐድሁት ሥዕል ውስጥ እነዚያ ከዋክብት የሉም። ማን አጠፋቸው? እኔ ነኝ። ብሩሁን ዝቅ፣ ጨለማውን ከፍ ሳደርግ ቀዳዳውና ጣራው ተቀራርበው ግራጫ ሆኑ፤ የቀሩትንም ጥቂት ነጥቦች መልኩን ያበላሻሉ ብዬ አደበዘዝኋቸው። እናቴ «የማን ቤት ነው?» ያለችው ስለዚህ ነበር። እርሷ ጣራዋን በየቀኑ ቀና ብላ የምታየው በጨለማ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ሐሰቱ የቱ ላይ ነው? ያልነበረ ዕቃ አልጨመርሁም። መሶቡም፣ ነጠላውም፣ ባሕር ዛፉም በእርግጥ እንዲያ ናቸው። ሐሰቱ ያለው በነገሮቹ ላይ ሳይሆን በነገሮቹ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው። የቤቱ ጨለማነት ራሱ አንድ እውነት ነበረ፤ የቀዳዳው ብርሃንም ሌላ እውነት ነበረ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው «ይህ ጣራ ክረምትን አይችልም» ይሉ ነበር። እኔ ጨለማውን እንደ እድፍ ቈጥሬ ሳጥበው ነገሩም አብሮ ታጠበ።

ምናልባት እንዲህ ትለኝ ይሆናል፦ «ጥላ ማጥፋት በደል ከሆነ የአባቶቻችን ሥዕል ሁሉ በደል ነውን?» መልካም ጥያቄ ነው፤ እኔም ይህንኑ ሳስብ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቼ ካሜራዬን ሳላወጣ ለብዙ ጊዜ ቆምሁ። በጣራው ላይ ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች ተደርድረው ወደ ታች ይመለከታሉ፤ ፊታቸው ሁሉ ብሩህ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ጥላ አይጥልም። በነባሩ የአገራችን አሣሣል ደጋጎቹን ከሙሉ ፊታቸው በሁለት ዓይን፣ ክፉዎቹን በጎናቸው በአንድ ዓይን መሣል የቆየ ልማድ ነው። ሠዓሊው ፍርዱን አልሸሸገም፤ ተመልካቹም ልማዱን ስለሚያውቅ «ይህ ሰው አንድ ዓይና ኖሯል» ብሎ አይሳሳትም። ፎቶግራፍ ግን ሌላ ቃል ኪዳን አለው፤ «አንተም ብትመጣ ይህን ታይ ነበር» ይላል። ወንድሜ ያመነው ይህን ቃል ነው። እኔ ፍርዴን በዚያ ቃል ውስጥ ሸሽጌ ላክሁለት።

ደግሞ «እንግዲያስ አንድ ጊዜ ብቻ አንሥቶ መተው ይሻላል» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህም ልክ አይደለም። ከዋክብቱ በታዩበት ፎቶግራፍ ውስጥ እናቴ የለችም፤ ጨለማው ውጧታል። ለብዙ ዘመን የቀለም ፎቶግራፍ ይመዘን የነበረው በነጭ ሴት ፊት ነበረ፤ ኮዳክ ለፎቶግራፍ አጣቢዎች ይልከው የነበረው መመዘኛ ካርድ ሸርሊ ይባል እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በዚህም የተነሣ የጠቆረ ፊት ያለው ሰው ከነጭ ጋር ሲነሣ ገጽታው በጥላ ውስጥ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ በጨለማ ለተተወ ፊት ብርሃን መስጠት ማታለል አይደለም፤ ፍትሕ ነው። ነገር ግን ለተረሳው ብርሃን መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ሁሉን እኩል ማድረግ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ዕዳን መክፈል ሲሆን ሁለተኛው ሒሳቡን መሰረዝ ነው።

ይህ ነገር ሰውን በምንመዝንበት ጊዜም ያጋጥመናል። ባልንጀራችንን በተቈጣበት ቀን አንድ ጊዜ አይተን «ክፉ ነው» ስንል በአንድ ፎቶግራፍ ፈረድንበት ማለት ነው። በቁጣውም፣ በችግሩም፣ በዘወትር ሥራውም ልናየው ይገባናል። ነገር ግን ይህን ሁሉ ካየን በኋላ «ምን ይደረግ፤ ሰው ሁሉ ደግም ክፉም አለበት» ብለን ሁሉን ግራጫ ብናደርገው ሌላ በደል ሠራን። ድኻን የሚበድል ዳኛ ለልጆቹ ደግ አባት ሊሆን ይችላል፤ ደግነቱ እውነት ነው፤ ሊነገርለትም ይገባል። የተበደለው ድኻ ግን በዚያ ደግነት ምክንያት ከሥዕሉ ሊጠፋ አይገባም። እንዲህ ያለው ማመጣጠን አስተዋይነት ይመስላል፤ የሚመስለውም ለማንም ስለማይከብድ ነው። ዝናቡ የሚወርድበት ሰው ግን ይከብደዋል።

ለወንድሜ ነገሩን ሁሉ ነግሬ ያን ጥቁሩን ፎቶግራፍ ላክሁለት። ጥቂት ዝም ብሎ «ይህን በሚያዝያ ብትልክልኝ ምን ነበረ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በመስከረም መጥቶ ጣራውን በአዲስ ቆርቆሮ አለበስነው፤ የጠፋው ማሽላ ግን አልተመለሰም።

ኤችዲአርን ዛሬም አልተውሁትም፤ አንተም ብትማረው እወዳለሁ፤ ትዕግሥት ያስተምራልና። ነገር ግን አሁን ሦስቱን ከማዋሐዴ በፊት ለየብቻ እያየሁ «ይህኛው ብቻውን የሚናገረው ምንድር ነው? በተዋሐደው ውስጥስ ይሰማልን?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሥራዬን ስጨርስም ለማንም ከመላኬ በፊት በቤቱ ውስጥ ለሚኖረው ሰው አሳየዋለሁ። እርሱ «የማን ቤት ነው?» ያለኝ እንደ ሆነ፣ ሥዕሉ ምንም ቢያምር እንደ ገና እጀምራለሁ።