መርጠን ነው ወይስ ገምተን?

 

ከእኛ ከከተሜዎቹ መካከል አንድ ጫማ ለመግዛት መርካቶ ገብቶ አምስትና ስድስት ሱቅ ሳያዳርስ፣ ዋጋ ሳይከራከር የሚመለስ ስንቱ ነው? ገላችንን ለምንሰጠው ሐኪም ግን የዚህን ያህል እንኳ አንጠይቅም። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ጥፋቱ በራሴ ቤት ስለደረሰ ነው።

እናቴ የደም ግፊት አለባቸው። መድኃኒት ሲወስዱ ከኖሩበት ጤና ጣቢያ አውጥቼ ማስታወቂያው ወዳማረኝ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳቸው። አዲስ መድኃኒት ታዘዘ፤ ከፍለን ወጣን። ሐኪሙ ከዚህ በፊት ምን ይወስዱ እንደነበር አልጠየቀም፤ እኔም አልነገርኩም። እናቴ አሮጌውንም አዲሱንም መዋጥ ቀጠሉ። በሳምንቱ ከሱጁድ ሲነሱ አዙሯቸው ወደቁ። ሁለቱን ካርቶን ይዤ ጤና ጣቢያ ስሄድ ነርሷ አየችና፣ «ስሙ ነው እንጂ የተለያየው መድኃኒቱ አንድ ነው፤ እጥፍ ነው የወሰዱት» አለችኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፉ። እኔ ግን «መረጥኩ» ያልኩት ገምቼ እንደነበር ያን ቀን ገባኝ።

ኢማም ማሊክ በሙወጠእ ባሰፈሩት ዘገባ አንድ ሰው ቆስሎ ሁለት ሐኪሞች በተጠሩ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሁለቱ በሕክምና ይበልጥ የሚያውቀው ማን እንደሆነ ጠይቀዋል። በአላህ ላይ በመመካት የሚወዳደራቸው የሌለው ነቢይ ጠየቁ! እንግዲያውስ መጠየቅ ተወኩልን አያፈርስም። እኛ ግን «አላህ ያውቃል» እያልን ስንፍናችንን በተወኩል እንሸፍናለን። በአቡ ዳውድ ዘገባም ሕክምናን ሳያውቅ የሚያክም ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑ ተነግሯል።

ሆኖም ሸክሙ ሁሉ በታማሚው ላይ አይጣልም። በ319 ዓመተ ሂጅራ (931 እ.ኤ.አ.) ባግዳድ ውስጥ አንድ ሰው በሐኪም ስህተት ሲሞት ኸሊፋው አል-ሙቅተዲር የከተማይቱ ሐኪሞች በሲናን ኢብን ሳቢት እንዲፈተኑ አዘዙ። የተፈተኑት ከ800 በላይ እንደነበሩ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ሕዝቡ የሚመርጠው ከተፈተነው መካከል ይሆን ዘንድ ነው።

ወደፊትስ? ክሊኒኩም መድኃኒት ቤቱም ይበዛል፤ ማስታወቂያውም ይደምቃል። በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዛሬ ሰፍቷል። ነገር ግን ማን የት እንደሚታከም የሚወስነው ኪስ ብቻ ከሆነ ባለገንዘቡ ይመርጣል፣ ድሃው የተሰጠውን ይቀበላል። ይህ የኡማው ጉዳይ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ እኛ እንጠይቅ፦ ሕመሙ ምንድን ነው? ምርመራው ለምን አስፈለገ? መድኃኒቱ ከምወስደው ጋር ይስማማል? ረከስ ያለ አለ ወይ? እህቶችም «ሴት ሐኪም አለች?» ብለው ቢጠይቁ ነውር የለበትም። ሁለተኛ፣ እናንተ ሙስሊም ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች! እውቀታችሁ አማና ነው። ታማሚው ባይጠይቃችሁ እንኳ ንገሩት፤ ዝም ብላችሁ የምትሸጡለት ያልገባውን ነው። ሦስተኛ፣ ባለሀብቶችና የመስጂድ ጀመዓዎች የድሃ ጎረቤታቸውን ዓመታዊ የመድን መዋጮ ይሸፍኑለት። ከዘካ ይሁን ከሰደቃ፣ አፈጻጸሙን ዑለማዎቻችንን እንጠይቅ። መጠየቅ እንግዲህ በሁሉም በኩል ነው።

እናቴ ዛሬ ሁለቱንም ካርቶን በፌስታል ይዘው ነው ሐኪም ፊት የሚቀርቡት። ገና ሳይቀመጡ፣ «ልጄ፣ እነዚህን እይልኝ» ይላሉ። ከእኔ ይልቅ እሳቸው ተምረዋል።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን ያውርድ፤ ለእኛም የምንጠይቅበትን ልቦና ይስጠን። አሚን። ወላሁ አዕለም።