ዳኛው ያላየው ኳስ

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። ዳኛ ባለበት ሜዳ ላይ እውነቱን የመናገር ግዴታ ያለበት ማን ነው? ዳኛው ብቻ ነው ወይስ ተጫዋቹም ጭምር? ይህን የጠየቀኝ የፍልስፍና መምህር አይደለም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጄ ናት፤ ከጨዋታ ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ። እኔም መልስ ለመስጠት ሃያ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ነበረብኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ያደግሁት አዲስ አበባ ውስጥ፣ ኳስ ከካልሲና ከቡትቶ በሚሠራበት፣ የጎል ቋሚ ሁለት ድንጋይ በሆነበት ሰፈር ነው። አግዳሚ ስላልነበረን ከበረኛው ራስ ከፍ ብላ ያለፈች ኳስ ሁሉ ጠብ ታስነሣለች። «ገብታለች!» «የለም፣ ላይ ነች!» ዳኛ የሚባል ነገር አናውቅም። ስለዚህ ክርክሩ የሚያልቀው ወይ በቡጢ ወይ በመሐላ ነበር። «እስቲ ማርያምን በል!» ይባላል መቺው። ካለ ጎሉ ይጸድቃል፤ ካቅማማ ይሻራል። አንዋሽም ነበር ማለቴ አይደለም። እንዋሽ ነበር። ዳሩ ግን የምንዋሸው በገዛ አፋችን፣ የጓደኛችንን ዓይን እያየን ስለነበር ውሸቱ የማን እንደሆነ አይጠፋንም።

እ.ኤ.አ. በ1986 በስደት አሜሪካ ገባሁና ዕጣዬ ሚኒሶታ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ወደቀ። ካርቶን በሚያመርት ፋብሪካ ተቀጠርሁ። የፋብሪካው ሠራተኞች በሰኔና በሐምሌ፣ ማለትም የእኛ ክረምት የእነርሱ በጋ በሆነበት ወራት፣ ከሥራ መልስ ሶፍትቦል ይጫወታሉ። ትርጉሙ «ለስላሳ ኳስ» ቢሆንም ኳሱ ለስላሳነት የለውም። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1887 ቺካጎ ከተማ፣ አዳራሽ ውስጥ ሲጀመር ግን ኳስ የሆነው ጠቅልለው ያሰሩት የቦክስ ጓንት፣ ዱላ የሆነው ደግሞ የመጥረጊያ እንጨት ነበር ተብሎ ይነገራል። ይህን ስሰማ የካልሲ ኳሳችን ትዝ አለችኝና ጨዋታውን እንደ ዘመድ ቆጠርሁት።

ሶፍትቦል ዝግተኛና ፈጣን የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት። ያቺ ከተማ የምትወደው ፈጣኑን ነበር። ወርዋሪው ክንዱን ሙሉ ክብ ያሽከረክርና ኳሱን ከታች፣ ከዳሌው አጠገብ ይለቀዋል። ከወርዋሪው እስከ መቺው ያለው ርቀት 46 ጫማ፣ ማለትም 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጥሩ ወርዋሪ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚያስወነጭፈው መቺው ለማሰብ የሚያገኘው ጊዜ ግማሽ ሴኮንድ ቢሆን ነው። እኔ በመጀመሪያው ወር ዱላዬን የምሰነዝረው ኳሱ ካለፈ በኋላ ነበር። ሩጫ እንጂ መምታት እንደማይሆንልኝ ሲታወቅ ሜዳው ዳር ቆሜ በአየር የሚመጣውን ኳስ እንድቀልብ ተመደብሁ። የተመታ ኳስ መሬት ሳይነካ ከተቀለበ መቺው ይወጣል። አንዴ ከነካ ግን ጨዋታው ይቀጥላል።

እ.ኤ.አ. በ1988 በአንድ የነሐሴ ምሽት በአንድ ነጥብ እየመራን የመጨረሻው ሰባተኛ ዙር ላይ ደረስን። አንድ ሰው ብቻ ይቀረናል። መቺው ዝቅ ያለ ኳስ ወደ እኔ ላከ። ሮጥሁ፣ ተወረወርሁ፣ ጓንቴን ዘረጋሁ። ኳሱ ሣሩን ነክቶ ነጥሮ ነው ጓንቴ ውስጥ የገባው። ጣቶቼ ያውቁታል። ዳኛው ሩቅ ነበር፤ ከጀርባዬ ሌላ የሚያየው አልነበረም። እኔም ተነሥቼ ጓንቴን ከፍ አደረግሁ። ዳኛው ቡጢውን ጨብጦ ወደ ላይ አነሣ። አለቀ። አሸነፍን።

በሁለት ዓመት ውስጥ ስሜን አስተካክለው ጠርተውኝ የማያውቁ ሰዎች ትከሻቸው ላይ አወጡኝ። ስወርድ የባላጋራችን ወርዋሪ ቆሞ ይጠብቀኛል። ቀን ቀን ቧንቧ የሚጠግን፣ በዚያች ከተማ ክንዱ የሚደነቅ፣ ለዚያም ሳንቲም የማይከፈለው ሰው ነው። «ይዘኸው ነበር?» አለኝ። ቁጣ የለበትም፤ የጠየቀው ለማወቅ ብቻ ነው። እኔም «ዳኛው ምን አለ?» ብዬ መለስሁለት። ጥቂት አየኝና እጄን ጨብጦ ሄደ።

ልብ በሉ፤ አልዋሸሁም። ዘወትር የሚከነክነኝም ይኸው ነው። «ማርያምን በል» ተብዬ ቢሆን ኖሮ ወይ እምል ነበር ወይ አቅማማ ነበር፤ ያም ሆነ ይህ ቃሉ የእኔ ይሆናል። እኔ ግን ውሸቴን ዳኛው እንዲሸከምልኝ አደረግሁ።

ዘመን አለፈና የወንዶቹ ፈጣን ሶፍትቦል እየከሰመ ሄደ። ያንን አወራወር ለመማር ዓመታት ስለሚፈጅ ወርዋሪ ጠፋ፤ ብዙው ሰው ወደ ዝግተኛው ዞረ። የሴቶቹ ግን አበበ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ ገባ፤ ትምህርት ቤቶችም ያዙት። እኔም ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሬ፣ ወልጄ፣ ታጣፊ ወንበሬን ተሸክሜ ልጄ ስትጫወት የምመለከት አባት ሆንሁ።

እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደይ ወራት ልጄ ወደ ሁለተኛው ማረፊያ ሮጣ በደረቷ ተንሸራተተች። ጠባቂዋ ልጅ ኳሱን በያዘው ጓንቷ ቀድማ ከነካቻት መውጣት አለባት። ዳኛው በወዲያኛው በኩል ስለነበረ «ደርሳለች» ብሎ ፈረደ። በዚያች ሩጫ የተገኘችው ነጥብ ጨዋታውን አሸነፈች። መኪና ውስጥ «አባዬ፣ ነክታኛለች፤ መናገር ነበረብኝ?» አለችኝ።

ለዝምታዋ የሚሆን ጠንካራ ክርክር አለ። ዳኛ የተሾመው ተጫዋች በራሱ ጉዳይ ሊፈርድ ስለማይችል ነው። ስሕተቱም ለሁለቱም ወገን ይደርሳል፤ ዛሬ ከጠቀመህ ነገ ይጎዳሃል። አንዱ ብቻ ራሱን ቢያጋልጥ የሚጎዳው ሐቀኛው ነው። ይህን ሁሉ ልነግራት እችል ነበር። ሐሰትም አይደለም።

ይሁንና ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። በአገራችን በጥንቱ ጊዜ የተጣሉ ሰዎች መንገደኛውን ሳይቀር አስቁመው ዳኝነት ይጠይቁት ነበር። «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ባለበት ይቆም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። በዚያም ዘመን ጉልበተኛና ሐሰተኛ አልጠፋም። ቢሆንም ሕጉን የሚጠሩት ተሟጋቾቹ ራሳቸው፣ በገዛ አፋቸው ነበሩ። ዳኛ ያስፈለገው መስማማት ስላቃተን ነው እንጂ እውነት ከመናገር ሊገላግለን አይደለም። ዛሬ ግን በየቢሮው «ማስረጃ ካለህ ክሰሰኝ» ሲባል እንሰማለን። ኦዲተር ያላየው፣ ፋይል ላይ ያልሰፈረ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል። እኔ ሜዳው ላይ «ዳኛው ምን አለ?» ስል የተናገርሁት ይህንኑ ቋንቋ ነው።

ስለዚህ ለልጄ ትምህርት አልሰጠኋትም፤ የራሴን ነገርኋት። ዝም ብላ ሰማችና «ለምን አልነገርከውም?» አለችኝ።

«ከትከሻቸው ላይ መውረድ አልፈለግሁም» አልኋት።

ማታ ስልኳን ይዛ ወደ እኔ መጣች። ለጠባቂዋ ልጅ «ነክተሽኝ ነበር» ብላ ጽፋላታለች። የመጣላት መልስ አንድ ቃል ነው፤ «አውቃለሁ»።

ውጤቱ አልተለወጠም፤ ሊለወጥም አይገባውም፤ እርሱ የዳኛው ሥልጣን ነው። የተደረገውን ነገር የመመስከር ኃላፊነት ግን ለዳኛው አልተሰጠም፤ ያደረገው ሰው ዘንድ ቀርቷል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ንጋት ማንንም ሳይጠብቅ ይነጋል፤ እውነት ግን የሚናገረው ሰው ካላገኘ ሃያ ስድስት ዓመት ቢያድርም አይጠራም።

ቧንቧ ጠጋኙ ያን ዕለት «አውቃለሁ» ሳይለኝ ነው እጄን የጨበጠኝ። ያውቅ እንደነበር የገባኝ የልጄን ስልክ ሳነብ ነው። ለእርሱ የምጽፍበት አድራሻ የለኝም፤ እነሆ እዚህ ጻፍሁት። አልያዝሁትም ነበር።