አዳማ ለምትወርደው ልጄ፦ ስለ ሙቀትና ስለ ቆጣሪ

ልጄ፣ አሰላ ያደገ ሰው ብርድን እንጂ ሙቀትን አያውቀውም። እኛ ጭላሎ ሥር፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጋቢ ደርበን ነው የኖርነው፤ ቤት ማቀዝቀዝ ወጪ ሆኖብን አያውቅም። አሁን ሥራሽ አዳማ ሆነ። በኢተያና በዴራ በኩል ቁልቁል ስትወርጂ ከፍታው ከ700 ሜትር በላይ ይቀንሳል፤ ሙቀቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። በተለይ ሚያዝያና ግንቦት ሲገቡ የደጋ ልጅ እንቅልፍ ያጣል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ኪሱን ሳያይ ገበያ ይወጣል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ነውና ከመውረድሽ በፊት ስሚኝ።

ሱቅ ገብተሽ ኤሲ ስታዪ ልብሽ ይከጅላል። ሻጩ የዕቃውን ዋጋ ይነግርሻል እንጂ የወሩን ሒሳብ አይነግርሽም። «በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ለአንድ ክፍል የሚሆን ኤሲ 1,200 ዋት ገደማ ይስባል፤ ተራ ቬንቲሌተር ግን 60 ዋት ገደማ ነው። ሃያ እጥፍ ማለት ነው። ቬንቲሌተሩን ሌሊቱን 8 ሰዓት ብታሠሪው በወር 15 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ኤሲው ግማሹን ጊዜ እያረፈ ቢሠራ እንኳ ወደ 144 ይደርሳል። ስለዚህ በቬንቲሌተር ጀምሪ። አንድ ነገር ግን እወቂ፦ ቬንቲሌተር ሰውን እንጂ ክፍሉን አያቀዘቅዝም። ከክፍሉ ስትወጪ አጥፊው፤ ለባዶ ወንበር ማናፈስ ትርፉ ሒሳብ ነው።

ሒሳቡ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመብራት ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው። በተጠቀምሽ ቁጥር የሚጨምረው ብዛቱ ብቻ አይደለም፤ የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። እስከ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በነበረው ታሪፍ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው እርከን 27 ሳንቲም ገደማ ነበር፤ ከ500 በላይ ያለው ደግሞ 2 ብር ከ48 ሳንቲም። ዘጠኝ እጥፍ ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ዋጋው ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል ተወስኗል። ዛሬ የናቅሽው ብክነት ከርሞ ይከብድሻል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብሽ ወር እስኪያልቅ አትጠብቂ፤ በየሳምንቱ አንድ ቀን ቆጣሪውን አንብቢና ቁጥሩን ጻፊው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ተከራይን ሁሉ የሚመለከት ነገር አለ። የምትከራዪው ክፍል ግቢ ውስጥ ከሆነ በመጀመሪያ የምትጠይቂው ስለ ቆጣሪው ይሁን። አምስት ተከራዮች እያንዳንዳቸው 60 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀሙ፣ ለየብቻቸው ቢሆኑ ሁሉም በሁለተኛው እርከን ላይ ይቆማሉ፤ ይኸውም በቀድሞው ታሪፍ 77 ሳንቲም ገደማ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ ግን 300 ይሆናሉ፤ ያ ደግሞ በዚያው ታሪፍ 2 ብር የሚከፈልበት እርከን ነበር። ማንም ሳያባክን ሁሉም ይቀጣል። ለብቻው ቆጣሪ ያለው ቤት ኪራዩ ትንሽ ከፍ ቢል እንኳ ደምረሽ አወዳድሪ፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዳትባዪ። የተለየ ቆጣሪ ከታጣ ደግሞ ክፍያው በምን እንደሚካፈል ከአከራዩ ጋር አስቀድመሽ ተስማሚ፦ በሰው ቁጥር ነው ወይስ በዕቃ? ኤሲ ያለውና አንድ አምፖል ያለው እኩል የሚከፍሉበት ግቢ ጠብ አያጣውም።

ካሊፎርኒያ ያለው ወንድምሽ ስልክ ሲደውል ስለ መብራት የሰዓት ዋጋ ሲያወራ ሰምተሻል። እዚያ ትልልቆቹ የመብራት ኩባንያዎች ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ዋጋ ያስወድዳሉ። እሱም ከ10 ሰዓት በፊት ቤቱን ያቀዘቅዝና መስኮትና መጋረጃውን ዘግቶ ምሽቱን በዚያ ያልፋል። በእኛም አገር ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ቀደም ሲል ካነሳሁልሽ ታሪፍ በፊት በነበረው ታሪፍ ለፋብሪካዎች የሰዓት ዋጋ ነበር። በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ ፋብሪካ ፍላጎት በሚበዛበት ሰዓት 74 ሳንቲም ገደማ፣ በሌላው ሰዓት 54 ሳንቲም ገደማ ይከፍል ነበር። የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ግን ስንት ሰዓት እንደሆነ አይጠይቅም፤ የሚቆጥረው ምን ያህል እንደተጠቀምሽ ነው።

እንዲህ ስልሽ ሰዓት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ይጥዳል፤ ኃይል ይወርዳል፣ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ምጣዱም እየለገመ ያመሽብሻል። ከደጋችን የሚወርደው ዋቢ ሸበሌ መልካ ዋከና ላይ 153 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ተገንብቷል፤ እዚያው አዳማ ከተራራው ላይ የምታዪው ሁለተኛው የነፋስ ኃይል ማመንጫም እንዲሁ 153 ነው። ይህ ሁሉ እያለ የሰፈርሽ ትራንስፎርመር የሚሸከመው የተወሰነ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል፤ ለሰዓትም እንዲሁ ነው። ሸክሙን ከምሽቱ ላይ አንስተሽ ለንጋት ብታካፍዪው አንቺም ጎረቤትሽም ታርፋላችሁ።

እንጀራ የምትጋግሪው እንግዲህ ንጋት ላይ ይሁን። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ ቬንቲሌተርሽ በአሥራ አንድ ሌሊት ገደማ የሚበላውን ይበላል። ሸክላው እስኪግል ብዙ ኃይል ስለሚሄድ ሁለት ጊዜ አግለሽ ትንሽ ትንሽ ከምትጋግሪ ሊጡን አንድ ላይ ጨርሺው። የግቢሽ ሴቶች ከተስማሙ ደግሞ በአንድ ግለት ተከታትላችሁ ጋግሩ። የመጨረሻዎቹን አንድ ሁለት እንጀራ ምጣዱን አጥፍተሽ በቀረው ግለት አውጪ፤ እናትሽ ዘወትር የምታደርገው ነው። አክንባሎውን ከፍተሽ አትተዪ። ምጣድ በማከፋፈያ ገመድ አትሰኪ፤ ገመዱ ይቀልጣል። በንጋት የጋገረ ሰው ሌላም ትርፍ አለው፤ የምጣዱ ወላፈን ቀዝቃዛው አየር ሳያልቅ በመስኮት ይወጣል። ማታ የጋገረ ግን ወላፈኑን ታቅፎ ያድራል፤ ያንን ለማብረድም እንደገና ይከፍላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ብርድ ሌሊቱ በነፃ የሚሰጥሽ ነው። አዳማ ቀን ቢያቃጥልም ሌሊት ይበርዳል። ፀሐይ ስትጠልቅ ትይዩ ያሉትን መስኮቶች ክፈቺ፤ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይውጣ። ለወባ ትንኝ መስኮቱ ላይ ወንፊት አስገጥሚ፣ አጎበርም አትርሺ። ጠዋት ፀሐይ ሳትጠነክር ዝጊና መጋረጃ ጣዪ። ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ካለሽ ከውስጥ መጋረጃ ይልቅ በውጭ በኩል ሰሌን ብትሰቅዪለት ይበልጣል፤ መስታወቱን ያለፈ ሙቀት ቤትሽ ገብቷልና። ቤት ስትመርጪ ቀና ብለሽ ጣሪያውን እዪ፦ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቀኑን ሙሉ ራስሽ ላይ ያነዳል። ኮርኒስ ያለው፣ ከኮርኒሱ በላይም አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው ቤት ግማሹን ሥራ ሠርቶልሻል። በረንዳውና ግቢው ውስጥ ያለው ዛፍም ሳይቆጠርብሽ ያገለግልሻል።

ፍሪጅ ካለሽ ከምድጃና ከፀሐይ አርቀሽ፣ ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ አድርገሽ አስቀምጪው፤ ትኩስ ወጥ አታስገቢበት። መብራት ሲሄድ ዕቃዎቹን ንቀዪ፤ ሲመጣም ጥቂት ታግሰሽ ሰኪ፤ ያተረፍሽውን ሁሉ የተቃጠለ ሞተር ይወስድብሻል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሲመሽብሽ ምድጃውን ተዪውና እናትሽ የቋጠረችልሽን ጭኮ ቅመሺ፤ እሳት አይፈልግም፣ ሆድም ይይዛል።

ሙቀቱ ባስ ያለ ዓመት መጥቶ፣ ወይም ሕፃንና ሕመምተኛ ቤትሽ ገብቶ ኤሲ የግድ ቢሆን ግዢ፤ ጤና ከሒሳብ ይበልጣል። ያን ጊዜም አንዲት ክፍል ብቻ አቀዝቅዢ፣ በሩን ዝጊ፣ 26 ዲግሪ ላይ አድርጊው፣ ቬንቲሌተሩም ያግዘው። ቁጠባ ራስን መበደል አይደለም፤ ለሚያስፈልገው እንዲተርፍ ከማያስፈልገው መቀነስ ነው።

በይ እንግዲህ፣ እጅሽን ዘርጊ። መንገድሽ ይቅና። ጎረቤትሽ መልካም ይሁን። እንጀራሽ ዓይን ያውጣ። ቤትሽ ሌሊት ይንፈስበት፣ ቀን ጥላ አይጣበት። ገቢሽ ይብዛ፣ ቆጣሪሽ ይዘግይ። አሜን በዪ።